ተጨማሪ መረጃ፦ ከካርቦን ናኖቱቦ የሚሠራ ሱፐርካፓሲተር

በዚህ ምዕራፍ ያያችሁት ካፓሲተር ሁለት ሰሌዳዎች ያሉት ነው፤ ሰሌዳዎቹ ሲሰፉና በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሲጠብ የሚይዘው ሙል ይጨምራል። ሱፐርካፓሲተርም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ኤሌክትሮዶቹ በኤሌክትሮላይት የተነከሩ በመሆናቸው አዮኖች ገጻቸው ላይ ይሰለፋሉ፤ ተቃራኒ ሙሎቹን የሚለያያቸው ርቀት 1 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል።

ስፋቱ የሚገኘው ከካርቦን ነው። ገበያ ላይ ባሉት አብዛኞቹ ሱፐርካፓሲተሮች ውስጥ ያለው ቀዳዳማ ከሰል፣ 1 ግራሙ ከ1000 ካሬ ሜትር በላይ ገጽ አለው። ነገር ግን ቀዳዳዎቹ ጠባብና ጠመዝማዛ ስለሆኑ አዮኖች ሁሉም ጋ አይደርሱም። በ1991 (እ.ኤ.አ.) ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ ባወጣው ጥናት ዝናቸው የገነነው የካርቦን ናኖቱቦዎች (ከካርቦን አቶሞች የተሠሩ እጅግ ቀጫጭን ቱቦዎች) ግን እንደ ስንዴ ማሳ ጎን ለጎን ቀጥ ብለው እንዲያድጉ ማድረግ ይቻላል። አዮኖች በመካከላቸው በቀላሉ ይገባሉ፣ ይወጣሉም፤ ቱቦዎቹም ራሳቸው ኤሌክትሪክን በደንብ ያስተላልፋሉ። ልብ በሉ፦ ባለ አንድ ንብርብር ግድግዳ የሆነ ናኖቱቦ የውጭ ገጽ በስሌት 1315 ካሬ ሜትር በግራም ነው፤ ከጥሩ ከሰል አይበልጥም። ብልጫው ያለው በስፋቱ ሳይሆን በመንገዱ ነው።

«ባትሪ ቀረ» የሚለውን ወሬ ግን አትቸኩሉበት። ሱፐርካፓሲተር በሴኮንዶች ይሞላል፣ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ተሞልቶ ይራገፋል፤ ሆኖም የተለመደው ዓይነት በኪሎግራም የሚይዘው ከ5 እስከ 10 ዋት-ሰዓት ያህል ነው። የሊቲየም ባትሪ ከ150 በላይ ይይዛል። ለዚህም ነው በ2006 (እ.ኤ.አ.) ሻንጋይ ላይ ሥራ የጀመሩት የሱፐርካፓሲተር አውቶቡሶች በየፌርማታው ይሞሉ የነበረው።