ሰኔ 30 ካለፈ በኋላ

ሰኔ 30 ለመንግሥት መሥሪያ ቤት በጀት መዝጊያ ነው። ለደብረ ማርቆስ ኳስ አፍቃሪ ግን ሌላም ጭንቀት አለው። የአገራችን ተጫዋቾች ኮንትራት በአብዛኛው የሚያልቀው በዚሁ ቀን ስለሆነ፣ ትናንት "የኛ ልጅ" ያልነው አጥቂ በማግስቱ የማንም አይደለም!

ጣጣው ከዚያ በኋላ ያለው ክረምት ነው። የጊዮርጊስንና የቡናን ዝውውር ሬዲዮው ሲያወራው ይውላል። ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ያለ ክለብ ማንን እንዳስፈረመ ግን የሚሰማው ሻይ ቤት ነው። ፕሪሚየር ሊጉ በ2013 ዓ.ም በዲኤስቲቪ መታየት መጀመሩም ልዩነቱን አሰፋው። ነሐሴ ላይ እንግሊዞቹ ሲጀምሩማ ጭራሽ አስታዋሽ የለም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን የእነዚህ ክለቦች ትልቁ ግጥሚያ በክረምት ነው። ስማቸው ላይ "ከነማ" ወይም "ከተማ" የሚለው በዋዛ አልተለጠፈም፤ ደሞዙም የመኪናው ነዳጅም በአብዛኛው ከከተማ አስተዳደሩ ነው የሚወጣው። ምክር ቤቱ በጀት ካላጸደቀ ምዝገባም ዝግጅትም የለም። ስለዚህ ሐምሌ ላይ "ማን ፈረመ?" ከማለት በፊት "ስንት ተመደበ?" ማለት ይሻላል።

ጎንደርን እዩ። በ2008 ዓ.ም የቢራ ፋብሪካው ክለብ ዳሸን ቢራ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ፤ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። በዚያው ዓመት ከታች ያደገው የዚያችው ከተማ ልጅ ፋሲል ከነማ 2013 ላይ የሊጉን ዋንጫ በላ።