ስሙን ያላስጻፈ ባለሱቅ

አንባቢ ሆይ፤ ቀድሞ ወደ ወለጋ የሚወርድ መንገደኛ ማደሪያ የሚጠይቀው የመኪናውን ረዳት ነበር፤ ዛሬ ግን ስልኩን ነው።

ጉግልም ለብዙ ዘመን የሚመልሰው የገጾችን ዝርዝር ነበር፤ መራጩም ሰው ነበር። በግንቦት 2016 ዓ.ም. ግን የተጻፈውን አንብቦ አንድ መልስ የሚያጠናቅር ሰው ሠራሽ አስተውሎት በአሜሪካ አቀረበ፤ ከዚያም ወደ ብዙ አገር አስፋፋው። መሣሪያው ግን ያልተጻፈውን አያውቅም።

ችግራችንም እዚህ ላይ ነው። ነቀምቴን አንዱ ነቀምት፣ ሌላው ለቀምት ይላታል፤ የአካባቢዋም ቡና በዓለም ገበያ የሚሸጠው «ለቀምፕቲ» ተብሎ ነው። ባለሆቴሉ ስሙን በሰሌዳው አንድ ዓይነት፣ በፌስቡክ ሌላ ዓይነት ከጻፈ፣ መሣሪያው አንዱን ቤት ሁለት አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። የኑኑ ቁምባ ባለሱቅማ ስሙ ከቶ ካልሰፈረ፣ ዕቃው መልካም ቢሆንም ለሩቅ ገዢ እንደሌለ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ስምን፣ ቦታን፣ ስልክንና የሥራ ሰዓትን በጉግል ካርታ ማስመዝገብ ያለ ክፍያ ይፈጸማል፤ አጻጻፉ ብቻ አይለዋወጥ።

እንግዲህ ለዕረፍት አገርህ ስትገባ ለአጎትህ ሱቅ አንድ ሰዓት ስጥ። እሳቸው ሚዛኑን ያውቃሉ፤ ይህን ግን የተማረ ልጅ ይጻፍላቸው።