ደላላው የማን ሰው ነው?

ስለ ቤት ድለላና ውክልና በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚነገረው እና እውነታው

አንዲት ዘመዴ ሰበታ፣ ዓለም ገና አካባቢ ቤት ልትገዛ ስትል አብሬያት ሄጄ ነበር። ሻይ ቤት ተቀምጠን ደላላው ከኮቱ ኪስ አራት ጊዜ የታጠፈ ፎቶ ኮፒ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። እጥፋቱ ላይ ቀለሙ ነጥቷል፤ ማኅተሙ ደብዝዞ ክቡን እንጂ ጽሑፉን መለየት አይቻልም። ውክልና ነው። «እትዬ፣ ምንም ሐሳብ አይግባዎት፤ እኔ የእርስዎ ሰው ነኝ» አላት። ጥቂት ቆይቶ ስልኩ ጠራና ወደ በሩ ወጣ ብሎ አነሳው። ድምፁ ግን ይሰማ ነበር፦ «አይስጉ ጋሼ፣ ከዚህ ዋጋ አላስወርዳትም።»

ያን ቀን ዘመዴ ስለ ክፍሎቹ ብዛት፣ ስለ ውኃው፣ ስለ መንገዱ ጠየቀች። ይህ ሰው የሚሠራው ለማን እንደሆነ ግን አልጠየቀችም። እኔም አልጠየቅሁም። ከዚያ ወዲህ በነዚህ ከተሞች ቤት ፈላጊ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምለው ይህንኑ ነው።

«ደላላው የእኔ ወኪል ነው»

አይደለም፤ ቢያንስ ደላላ በመሆኑ ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና በ2013 ዓ.ም. በአዲስ የተተካው የንግድ ሕግ ደላላን ሲተረጉም ራሱን ችሎ፣ በሙያነት፣ ጥቅም ለማግኘት ተዋዋዮችን ፈልጎ የሚያገናኝ ሰው ነው ይለው ነበር። ሥራው ማገናኘት ነው። እንዲሁ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 2199 ወኪልን ለብቻው ያስቀምጠዋል፤ ወኪል በሌላው ሰው ስም ሆኖ ሕጋዊ ሥራ ሊፈጽም ውል የገባ ነው። ደላላ ገዢን እስከ በሩ ያደርሳል፤ ወኪል በባለቤቱ ቦታ ሆኖ ይፈርማል።

ልዩነቱ የሚጎዳው ግዴታው ላይ ሲደርስ ነው። ወኪል ለወካዩ ፍጹም ቅን መሆን አለበት (አንቀጽ 2208)። ለወካዩ ጥቅም ብቻ መሥራት አለበት፤ ወካዩ ሳያውቅ ከጉዳዩ አንዳች ጥቅም ማግኘት አይችልም (አንቀጽ 2209)። የሠራውንና የተቀበለውን ገንዘብም ቆጥሮ ያስረክባል። ከሻጭ ሁለት በመቶ፣ ከገዢ ሁለት በመቶ እየተቀበለ መሐል የሚቆመው ደላላ ለማን ነው ይህን ሁሉ የሚጠብቀው? ሁለት በመቶው ራሱ ልማድ እንጂ በሕግ የተቆረጠ ዋጋ አይደለም። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የቤት አሻሻጭ ማንን ወክሎ እንደሚሠራ ለደንበኛው በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ሕግ ያስገድደዋል። እኛ ዘንድ ይህን ጥያቄ ማንሳት የገዢው ፈንታ ሆኖ ቀርቷል።

በድለላ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር፣ ቃሉን የሚጠብቅ ብዙ ሰው አለ። ችግሩ ከስሙ ይጀምራል፦ «የእርስዎ ሰው ነኝ» ሲል ገዢ ወኪል ያገኘ ይመስለዋል፤ ሕጉ ግን አገናኝ ብቻ ነው የሚያየው። በእርግጥ የእርስዎ ሰው እንዲሆን ከፈለጉ ምን እንደሚያጣራልዎ፣ ስንት እንደሚከፈለው፣ ከሌላው ወገን እንደማይቀበል በጽሑፍ ይስማሙ።

«ከተባለው በላይ ከሸጠ ጭማሪው የእሱ ነው»

ይህን ሻጮችም ደላሎችም እንደ ደንብ ይዘውታል። ባለቤቱ «አራት ሚሊዮን እጄ ይግባ» ካለ፣ በአራት ተኩል የሸጠ ሰው ግማሹን ሚሊዮን ዝም ብሎ ኪሱ ይከታል። አስቀድመው በግልጽ ከተስማሙበት የሚከለክል የለም። ውክልና ይዞ እየሸጠ ከደበቀው ግን የአንቀጽ 2209ን ግዴታ ጥሷል፤ ገንዘቡም የወካዩ ነው። ከውጭ አገር በኤምባሲ በኩል ውክልና ልኮ ቤቱን በወንድሙ የሚያሸጥ ሰው ይህን ማወቅ አለበት። ወንድምም ቢሆን ወኪል ነው።

«ሙሉ ውክልና አለው፤ መሸጥ ይችላል»

የብዙ ሰው ጥሪት የሚቀልጠው እዚህ ላይ ነው።

በሦስቱ ከተሞች ውክልና የቤት መሸጫ ዋና መንገድ የሆነበት ምክንያት አለ። የከተማ ቦታ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሆነ፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤት ነው። አዲስ አበባ ላይ ኪራይ ያንገፈገፈው ሰው በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ፣ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ፣ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ ሲወጣ ያገኘው ብዙ ጊዜ ካርታ የሌለው ቤት ወይም ከገበሬ የተቆረሰ ቦታ ነው። ካርታ ከሌለ ስም ማዛወር የለም። ስለዚህ ሻጭ በሽያጭ ውል ፈንታ ለገዢው ውክልና ይሰጠዋል፤ ያ ገዢ ደግሞ ለሌላ ሲሸጥ ውክልናውን ያስተላልፋል። ሦስተኛው ገዢ ጋ ሲደርስ የመጀመሪያውን ባለይዞታ በዓይኑ ያየው የለም።

ሕጉ ምን ይላል? አንደኛ፣ «ሙሉ ውክልና» የሚባለው በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ከሆነ የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚያሠራው፦ ማከራየት፣ ኪራይ መሰብሰብ፣ ንብረቱን መጠበቅ (አንቀጽ 2203 እና 2204)። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም መያዣ ለማድረግ በአንቀጽ 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «መሸጥ» የሚለውን ቃል ራስዎ ያንብቡት።

ሁለተኛ፣ «የማይሻር ውክልና» ብሎ ነገር ገዢን አያድንም። ወካይ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን መሻር እንደሚችል አንቀጽ 2226 ይናገራል፤ የዚህን ተቃራኒ የሚል ስምምነት ዋጋ የለውም። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ሞት ነው። በተለየ ሁኔታ ካልተስማሙ በቀር ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል (አንቀጽ 2232)። ሻጩ ሽማግሌ አርሷል፣ ሸጧል፣ ሞቷል፤ ልጆቹ የወራሽነት ማስረጃ ይዘው ይመጣሉ። አሥር ዓመት በቤቱ የኖረው ገዢ በእጁ ያለው ከሟች የተቀበለው ወረቀት ነው።

ሌላም አለ። ወኪል ከወካዩ የበለጠ መብት የለውም። የእርሻ ይዞታ መሸጥ ለገበሬው ራሱ ከተከለከለ ወኪሉ የትኛውን መብት ያስተላልፋል? በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች የዙሪያው ከተሞች ጋር ሸገር ከተማ ተብለው ሲዋቀሩና ሕገ ወጥ የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱ፣ ብዙ ሰው የጨበጠው የሽማግሌ ውልና ውክልና ነበር። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አፈራረሱ ላይ ስጋቱን በይፋ ገልጿል፤ ነዋሪዎቹም በቅን ልቦና የገዙ፣ ግብር ሲከፍሉ የኖሩ ነበሩበት። ወረቀቱ ግን አልታደጋቸውም። አገናኝተው ኮሚሽናቸውን የወሰዱት ያን ጊዜ አልተገኙም።

«ቀብድ ከከፈልኩ ቤቱ ተይዞልኛል»

ቀብድ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው፤ ከፋዩ ከተወው ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ከተወው እጥፉን ይመልሳል። ይህ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 1883 ጀምሮ ተጽፏል። የቤት ሽያጭ ግን ከዚህ በላይ ይፈልጋል። አንቀጽ 1723 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ያዛል፤ የፌዴራል ሰበር ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን የውሉ መጽኛ አድርጎ ተርጉሞታል። በኋላ ሻጩ መሸጡን ያልካደባቸውን ጉዳዮች ለይተው የተመለከቱ ውሳኔዎች መጥተዋል። ሻጭ የሚክደው ግን ዋጋ ሲጨምር ነው፤ በነዚህ ከተሞች ደግሞ ዋጋ ሲጨምር ነው የኖረው። ሻይ ቤት የተጻፈ የቀብድ ወረቀት ብቻውን ቤት አያስረክብም።

«ደላላው አጣርቶታል»

ምን እንዳጣራ ይጠይቁት። ካርታውን አይቷል እንጂ ካርታውን የሰጠው የመሬት ጽሕፈት ቤት ፋይሉ ዕዳ ወይም እግድ እንዳለበት ጠይቋል? ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የፈራ ከሆነ ባል ብቻውን መሸጥ አይችልም፤ የሚስት ፈቃድ ያስፈልጋል። ባል ብቻ የሰጠው ውክልና ምንም ያህል ማኅተም ቢደረደርበት የእሷን ፊርማ አይተካም።

ዘመዴ ያን ፎቶ ኮፒ አልተቀበለችም። የውክልናውን ቁጥርና ቀን በደብተሯ ጻፈችና ሰነዱን ወዳረጋገጠው መሥሪያ ቤት ሄደች። ውክልናው ከተሻረ ቆይቷል። እርስዎም አንድ ሳንቲም ከመክፈልዎ በፊት ቁጥሩን ይጻፉ፤ ሄደው ይጠይቁ፤ ወካዩ በሕይወት መኖሩን ከራሱ አንደበት ይስሙ።