የዩቲ ዳላስ የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ እና የ3.19 ሒሳብ

በቴክሳስ፣ ከዋይሊ ከተማ በስተምዕራብ በሪቻርድሰን የሚገኘውና በተለምዶ ዩቲ ዳላስ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ፣ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ መሥራቾች ዩጂን ማክደርመት፣ ሴሲል ግሪንና ኤሪክ ጆንሰን በ1961 እ.ኤ.አ. ካቋቋሙት የምርምር ማዕከል የተነሣ ሲሆን፣ በ1969 ወደ መንግሥት ከተዛወረ በኋላም እስከ 1975 ድረስ የሚቀበለው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ብቻ ነበር። በዋይሊና በጋርላንድ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ልጆቻቸውን ለመጀመሪያ ዲግሪ ሲልኩበት ይህ ታሪኩ እምብዛም አይነሣም።

ለኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ አመልካቹ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕትና ጥሩ አማካይ ነጥብ ማቅረብ እንዳለበት ግልጽ ነው። ዲግሪው በሌላ መስክ የሆነ ሰው ግን የዳታ ስትራክቸር፣ የኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ የኮምፒውተር አርክቴክቸርና የዲስክሪት ሒሳብ፣ ማለትም ተነጣጥለው የሚቆጠሩ ነገሮችን የሚያጠናው የሒሳብ ዘርፍ፣ መሠረት ከሌለው እነዚህን ቅድመ ኮርሶች ወስዶ ማሟላት ይጠበቅበታል፤ ክፍያቸው እንደ ማንኛውም ኮርስ ቢሆንም ለዲግሪው አይቆጠሩም።

ለመመረቅ የሚያስፈልገው 33 ክሬዲት አወር፣ ማለትም ባለ ሦስት ክሬዲት 11 ኮርስ ሲሆን፣ ቴሲስ መጻፍ ወይም አለመጻፍ የተማሪው ምርጫ ነው። ከኮርሶቹ አምስቱ በተመረጠው ዘርፍ የግድ የሚወሰዱ ዋና ኮርሶች ናቸው፤ የእነዚህ አማካይ ነጥብ ቢያንስ 3.19፣ የምርጫ ኮርሶቹ ደግሞ ለብቻው ተሰልቶ ቢያንስ 3.0 መሆን አለበት።

ብዙዎች በቸልታ የሚያልፉት ይህ 3.19 የተባለ ቁጥር የፕሮግራሙ እውነተኛ በር ነው። አምስት ኮርስ በ3.19 ሲባዛ 15.95 ይሆናል። አንድ ኤ እና አራት ቢ ያለው ተማሪ 16 ነጥብ ስለሚያገኝ ያልፋል፤ ሦስት ቢ ፕላስና ሁለት ቢ ያለው 15.99 ስለሚሆንለት እርሱም ያልፋል፣ መስፈርቱ 3.2 ቢሆን ኖሮ ግን በአንድ መቶኛ ነጥብ ይወድቅ ነበር። አዲስ አበባ የተማረው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በለመደው አሠራር ቢ ፕላስ 3.5 ስለሆነ ሁለት ቢ ፕላስና ሦስት ቢ 3.2 ይሰጡታል፣ በዩቲ ዳላስ ግን ቢ ፕላስ 3.33 በመሆኑ ያው ውጤት ወደ 3.13 ይወርድና አያሳልፍም። አንዲት ቢ ማይነስ ደግሞ ከዚህ የከፋች ናት፦ በአንዱ ኮርስ 2.67 ያገኘ ሰው፣ ኤ ወይም ኤ ማይነስ ካላገኘ በቀር፣ በቀሩት በአራቱም ቢ ፕላስ ማምጣት ይኖርበታል። በምርጫ ኮርስ የተገኘ ኤ ለዋናዎቹ አይተርፍም፤ ሁሉንም ውጤት በአንድ ላይ ደምሮ “3.3 አለኝ” ብሎ የሚዝናና ተማሪ ካታሎጉን እንዳላነበበ ራሱ መሰከረ ማለት ነው።

ዲግሪው በስድስት ዓመት ውስጥ መጠናቀቅ ስላለበት፣ ቀን እየሠራ በመጸውና በጸደይ ሴሚስተር አንዳንድ ኮርስ ብቻ የሚወስድ ሰው 11ዱን ለመጨረስ አምስት ዓመት ተኩል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ አንድ ሴሚስተር ቢያርፍ ይደርሳል፣ ሁለተኛውን ካረፈ ግን በበጋ ክፍለ ጊዜ ተመዝግቦ ማካካስ ይገደዳል።