«እቴቴ፣ እማዬ የባለፈውን ነው የለበሰችው»

እሑድ ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን የጀሞ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ጭር ይላል። ከአራተኛ ፎቅ ወደ ታች ብትወርዱ ከየበሩ የምትሰሙት የአንድ ድራማ ድምፅ ነው። እኛ ቤት ደግሞ የበለጠ ምክንያት አለን፤ ልጄ በድራማው ውስጥ ነርስ ሆና ትሠራለች። ሚናዋ ትልቅ አይደለም። ሆኖም የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ እናቷ ብቅ ባለች ቁጥር ተነሥታ ታጨበጭባለች።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ እሑድ ግን ሳታጨበጭብ ቀረች። «እቴቴ፣ እማዬ የባለፈውን ነው የለበሰችው» አለችኝ። አስተውዬ ሳይ እውነቷን ነው፤ የቀረበው ያለፈው ሳምንት ክፍል ነበር። በሳምንቱም ድጋሚ ሆነ።

ልጄን ስጠይቃት መጀመሪያ ልትሸሸኝ ሞከረች። በኋላ ግን እራት ላይ ነገረችኝ። ሦስት ወር አልተከፈላቸውም። ሁለት ተዋንያን ተስፋ ቆርጠው ቀርተዋል። አንደኛው ገጸ ባሕርይ «ውጭ አገር ሄደ» ተብሎ ሊታለፍ ነው፤ ለሌላዋ የመኪና አደጋ እየተጻፈላት ነው። የቀሩት ጀርመን አደባባይ አጠገብ ካለ ካፌ ተሰብስበው «ገንዘባችን እስኪሰጠን አንቀረጽም» ለማለት እየመከሩ ነው።

«እማዬ፣ አንቺ የማኅበር ሰው ነበርሽ። ምን ትይኛለሽ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሳሪስ መንገድ ላይ ባለ ፋብሪካ 26 ዓመት ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት፤ ዘጠኙን ዓመት የሠራተኛ ማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ስለዚህ አዋጁን አውቀዋለሁ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ሠራተኛ ሥራ የማቆም መብት እንዳለው ይናገራል። ሥርዓት ግን አለው፤ በመጀመሪያ ለመስማማት መሞከር አለበት፣ ማኅበሩ ተሰብስቦ ድምፅ ይሰጣል፣ ከ10 ቀን በፊትም ማስታወቂያ ይጻፋል።

«እስቲ ውልሽን አምጪው» አልኳት። ሁለት ገጽ ነው። ርእሱ «የአገልግሎት ውል» ይላል፤ ክፍያው በክፍል ነው። አዋጁ ደግሞ በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ ተቀብሎ የሚሠራን ሰው ከሠራተኛ አይቆጥረውም። በዚህ ዓይነት ውል የገባ ተዋናይ «ሠራተኛ ነኝ» ብሎ ለመከራከር ይቸገራል። እኔ በፋብሪካው ስም፣ በወር ደመወዝና በጡረታ መዋጮ ተከብሬ ነበር የኖርኩት። ልጄ አገር ያውቃታል፤ ታክሲ ውስጥ «ነርሷ!» ይሏታል፤ እንደ እኔ ጡረታ የሚቆጥርላት ግን የለም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የአሜሪካኖቹን ነገር አሰብኩ። ሳግ-አፍትራ የሚባለው የሆሊውድ ተዋንያን ማኅበር 160 ሺህ ያህል አባላት አሉት። ከሐምሌ 2015 እስከ ጥቅምት 2016 ዓ.ም. ድረስ ለ118 ቀናት ሥራ አቁመው ነበር። የድርሰት ጸሐፊዎቹ ከእነሱ ቀድመው ወጥተው ስለነበር ቀረጻ ቆመ፤ የፊልም መውጫ ቀኖች ተገፉ። የጠየቁት የዕለት ዋጋ ብቻ አልነበረም። ሥራቸው በኢንተርኔት ደጋግሞ ሲታይ ድርሻ እንዲያገኙ፣ መልካቸውና ድምፃቸውም ያለፈቃዳቸው በኮምፒዩተር እንዳይባዛ ነበር። ለጡረታና ለሕክምና ፈንዳቸው መሠረት የሆነው ደግሞ በ1952 ዓ.ም. ያደረጉት አድማ ነው። ያኔ ሊቀ መንበራቸው ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ሮናልድ ሬገን ነበር።

እኛ አገር የታመመ አርቲስት ሲኖር ምን እንደምናደርግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይወጣል፣ እኛም ከኪሳችን እናዋጣለን። መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ሲሠራ የሚገባው በጊዜው ቢሰጠውና ትንሽ ቢቆረጥለት ኖሮ የዚያን ያህል ባልለመነ ነበር።

ጠዋት ለልጄ ሌላውን ወገን ደግሞ ነገርኳት። እናንተ ብታቆሙ የሚጎዳው ፕሮዲዩሰሩ ብቻ አይደለም። መብራት የሚሸከመው ልጅ፣ ሜካፕ የምትሠራዋ፣ ምግብ የምታቀርበዋ፣ ለቡ ላይ ግቢያቸውን ለቀረጻ የሚያከራዩት ባልና ሚስት አብረው ይቆማሉ። ፕሮዲዩሰሩም ሁልጊዜ ሌባ አይደለም። ብዙ ጊዜ የአየር ሰዓት የሚገዛው ወይም የማስታወቂያ ገቢ ከጣቢያው ጋር የሚካፈለው እሱ ነው፤ ስፖንሰር ካልከፈለው ለተዋናይ የሚሰጠው የለውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ፣ ለልጆቻችን ደግ ነገር ነበር፤ ለድራማዎች ግን የቢራ ፋብሪካዎቹ ትልቅ ምሰሶ ነበሩና ጓዳው ሳሳ።

ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራኝ ባዶ የሚቀረው ሰዓት ነው። ጣቢያ ጥቁር ሆኖ አይቀመጥም። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እያቀረበ ሲመጣ የፊልምና የቴአትር ሰዎች ሥራችንን ይገድለዋል ብለው በይፋ ተቃውመው ነበር። እኛ ደግሞ «ኩዚ ጉኒ»ን እና «ጥቁር ፍቅር»ን እያየን እራት አስረፈድን፤ አልዋሽም፣ እኔም ወድጄዋለሁ። ተርጉሞ ድምፅ መስጠት አዲስ ከመቅረጽ ይረክሳል። የእኛዎቹ ለአንድ ወር ቢያቆሙ ቦታቸውን የሚይዝ የተዘጋጀ ነገር ሞልቷል። የሆሊውዱ ተዋናይ ሲያቆም ባለሀብቱ ይጨነቃል፤ የእኛው ሲያቆም በቦታው ሌላ ሊገባ ይችላል።

እኔ ያደግሁት በአባባ ተስፋዬ ነው። ቴሌቪዥን አገራችን ከገባበት ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለ42 ዓመታት ለልጆች ተረት ነግረዋል። እኔም ሰምቻለሁ፣ ልጄም ሰምታለች። የልጅ ልጄ ግን «እንዴት አደራችሁ» የሚል ጎረቤት፣ ዕድር፣ ለቅሶ፣ የእኛ ቤት ጠረን ያለበትን ታሪክ የት ታያለች? ስለዚህ ጉዳዩ የእናቷ ደመወዝ ብቻ ነው ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ለልጄ የሰጠኋት ምክር የገንዘብ ያዥ ምክር ነው። «አንድ በአንድ አትቅሩ። አንድ ሰው ሲቀር ጸሐፊው በመኪና ይገድለዋል፤ ሁላችሁም አንድ ላይ ከሆናችሁ ግን ማንን ይገድላል? በመጀመሪያ አንድ ደብዳቤ ጻፉ፤ ሁላችሁም ፈርሙ። የቀረውን ክፍያ በቁጥር፣ የምትጠብቁበትን ቀን በቀን አስቀምጡ። መብራት ያዡና ሜካፕ የምትሠራዋም ይፈርሙ፤ እነሱም አልተከፈላቸውም። ሥራ ማቆም የመጨረሻው ነው።» ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ትልልቆቹ ተዋንያን መፈረም ከብዷቸው ነበር አሉ። ስም ያለው ሰው ማስታወቂያ ያገኛል፤ ሌላ ድራማም ይጠብቀዋል። መጨረሻ ላይ ዋናው ተዋናይ እስክሪብቶውን ተቀብሎ ፈረመ፤ ከዚያ በኋላ ሌላው ተከተለ። ደብዳቤው በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ፕሮዲዩሰሩ ጠርቶ ሒሳቡን ዘርግቶ አሳያቸው። ግማሹ ተከፈለ፤ ለቀሪው ቀን ተቆረጠ። ይህን ስጽፍ ቀኑ ገና አልደረሰም። ስለዚህ አሸነፉ ብዬ አላወራላችሁም።

ልጃችሁ «ተዋናይ ልሁን» ካላችሁ እንደ ድሮው «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ብላችሁ አትቆጡ። ይልቅ ውሉን አብራችሁ አንብቡ። ክፍያው በየትኛው ቀን እንደሚሰጥ ተጽፏል? ድራማው በድጋሚ ሲታይ ወይም ዩቲዩብ ላይ ሲጫን ምን ይደርሰዋል? ቀረጻ ቢቋረጥስ? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ለከዋኞችም መብት ይሰጣል፤ ከመፈረም በፊት የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። የተፈረመበት ቅጂም እናንተ ቤት ይቀመጥ።

ባለፈው እሑድ አዲስ ክፍል ወጣ። «ውጭ አገር» የሄደው ሰውዬ ተመልሶ መጣ። ሴትዮዋ ግን ከአደጋው አልተረፈችም፤ እሷ ተስፋ ቆርጣ ሱቅ ከፍታለች። ጎረቤቴ በነጋታው ደረጃ ላይ አግኝታኝ «ምን ዓይነት ጨካኝ ደራሲ ነው፣ እንደዚያ ያለችዋን ልጅ የሚገድል?» አለችኝ። «እሱ አይደለም የገደላት» አልኳት፤ ቡና አፍልቼ ሁሉንም ነገርኳት።

የልጅ ልጄ እናቷ ብቅ ስትል ተጠግታ አየቻት። ያው ነጭ ጋዋን ነው።

«ጫማዋ ግን አዲስ ነው» አለችና አጨበጨበች።