እህትና ወንድም ቀለብ ለመስጠት ይገደዳሉ? የሚባለውና እውነታው

እናት ከተቀበሩ በኋላ በብዙ ቤት የሚነሳው ጥያቄ የቤቱ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአእምሮ ሕመም ወይም በመጠጥ የተያዘው፣ ሥራ የማይዘው ትልቅ ልጅ ማን ጋ ይሁን? የሚለውም አብሮ ይነሳል። ከእህትና ከወንድሞቹ ጋር ከተነጋገረ ደግሞ ዓመታት አልፈዋል። ሽማግሌዎቹ «ደማችሁ ነው» ይላሉ፤ ሌላው ዘመድ «አርባ ዓመት የሞላው ሰው የማንም ዕዳ አይደለም» ይላል።

«አዋቂ ስለሆነ ግዴታ የለብንም» የሚለው ስህተት ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ወንድማማቾችና እህትማማቾች እርስ በርሳቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋሉ። ቀለብ ሲባል ምግብ ብቻ አይደለም፤ መጠለያ፣ ልብስና ሕክምናም ይጨምራል። ግዴታው የሚመጣው ግን ጠያቂው ሲቸገርና ሠርቶ ማደር ሲያቅተው ነው። ተራም አለው፤ የትዳር ጓደኛ፣ ልጆችና ወላጆች ይቀድማሉ። መጠኑ የሚወሰነው የጠያቂው ችግርና የሰጪው አቅም ታይቶ ነው። ብዙዎቹ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው የሚኖሩበትን ክልል ሕግ ማየት ያስፈልጋል።

«ተኳርፈናል፣ አይመለከተኝም» የሚሉም አሉ። ሕጉ ኩርፊያን ማምለጫ አላደረገውም። ግዴታው የሚቀረው ለምሳሌ ጠያቂው በሰጪው ሕይወት ወይም ንብረት ላይ በፈጸመው ወንጀል ሲፈረድበት ነው። እዚህ ላይ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ፤ ወንድሟ የደበደባት እህት «ገመናችን አይውጣ» ተብላ ክስ ሳትመሠርት ትቀራለች፣ ኋላ በፍርድ ቤት የምታሳየው ማስረጃ አይኖራትም። ቢሆንም ቀለብ መስጠትና አብሮ መኖር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የምትፈራውን ሰው ቤቷ እንድታስገባ ሊጫናት የሚገባ ሽማግሌ የለም።

ወንድሙ ለተበደረው ብድርም ቢሆን ዋስ ያልሆነ ወንድም ወይም እህት አይጠየቅም። አበዳሪው በር ቢያንኳኳም መልሱ ይኸው ነው።

ውጭ ያሉት ደግሞ «እዚህ እንዲህ ያለ ሕግ የለም» ይላሉ። እንደ አገሩ ነው። የጀርመን ሕግ ወንድምና እህትን አያስገድድም፤ የእስራኤል የ1959 እ.ኤ.አ. የቀለብ ሕግ ግን በሁኔታዎች ተወስኖ እነሱንም ያካትታል።

ከሁሉም ይልቅ ጉዳት የሚያደርሰው «ቢፈልግ ይሠራ ነበር፣ ስንፍና ነው» የሚለው ነው። ለምሳሌ ከአእምሮ ሕመሞች አንዱ የሆነው ስኪዞፍሬኒያ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከአሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሠላሳዎቹ መጀመሪያ ባለው ዕድሜ፣ ሰው ሥራና ትዳር በሚይዝበት ወቅት ነው። ድምፅ መስማቱን ሁሉም ያውቀዋል። ሳይታጠብ መዋል፣ ከሰው መራቅ፣ ምንም ነገር አለመፈለግ ግን የሕመሙ ምልክቶች መሆናቸውን የሚያውቀው ጥቂት ነው። አንዳንዱ መድኃኒትም ያፈዛል። ጸበል የሚጠመቅም ቢሆን መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም፤ ሲያቋርጥ ሕመሙ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ይህን ሁሉ የሚሸከመው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ቤት የቀረችው ታናሽ እህት። ክኒኑን ምላሱ ሥር እንዳይደብቅ ቆማ ታያለች፤ ማታ ቢላውን ደብቃ ትተኛለች፤ ለቀጠሮው ከሥራ ትቀራለች። የራቁት በበዓል ይደውሉና «እንዴት ነው፣ ተሻለው?» ብለው ይዘጋሉ።

ስለዚህ የራቃችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ወንድማችሁን ማነጋገር ካልቻላችሁ አታነጋግሩት። ድርሻችሁን ግን በየወሩ አዋጡ፤ በእጁ ሳይሆን ለመድኃኒቱና ለቤት ኪራዩ በቀጥታ ክፈሉ። እህታችሁም በወር ጥቂት ቀን እንድታርፍ ተተኪ ሰው ቅጠሩላት። ዛሬ ደውሉና ምን እንደሚያስፈልጋት እሷን ጠይቋት።