ቆመጥ በቃልና በጥይት መካከል

የሕዝብ ሰላም የሚጠበቀው በመሣሪያ ብዛትና ብርታት ብቻ አለመሆኑ አያጠያይቅም። ወሳኙ ነገር ሕግ አስከባሪው የያዘውን መሣሪያ መቼ፣ በማን ላይና እስከ ምን ድረስ እንደሚጠቀምበት ማወቁ ነው። ዛሬ ስለ ፖሊስ ቆመጥ ለመወያየት የተነሣነውም ከዚሁ እውነት በመነሣት ነው። ጉዳዩ ለአንዳንዶች ተራ መስሎ ሊታይ ቢችልም፣ የወገንን ሕይወትና አካል የሚመለከት በመሆኑ ፈጽሞ ተራ አይደለም።

በአሶሳ ገበያም ሆነ በሌላ ከተማ ጠብ ሲነሣ በሥፍራው የተገኘው ፖሊስ ከትከሻው ጠመንጃ በቀር ሌላ ነገር ከሌለው፣ ምክሩ ካልተሰማ የሚቀረው ወይ ቆሞ ማየት ወይ መተኮስ ይሆናል። ቆመጥ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ ይከፍታል። በ1982 ዓ.ም. በሃቫና ከተማ በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የጸደቁት የኃይል አጠቃቀም መርሆዎች፣ መንግሥታት ለሕግ አስከባሪዎቻቸው ደረጃቸው የተለያየ መሣሪያዎችን እንዲያሟሉ የሚያሳስቡትም ስለዚሁ ነው።

ይሁን እንጂ «የመግደል ዕድሉ ያነሰ» ማለት «አይገድልም» ማለት አይደለም። ራሱን፣ አንገቱን፣ አከርካሪውን ወይም ኩላሊቱን በቆመጥ የተመታ ሰው ሊሞት ወይም አካሉ ሊጎድል ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተመው መመሪያ፣ ምቱ በጥቃት አድራሹ ክንድ ወይም እግር ላይ እንዲያርፍ፣ እጁን በሰጠ ሰው ላይ ደግሞ ከቶ እንዳይሰነዘር የሚያስገነዝበው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ጽናቱ የተነሣ እንደሆነ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሕዝብ መምህር አያሻውም። ክልሉ በሽመል ሀብቱ የታወቀ ነው። የቆላው ሽመል ውስጡ ድፍን ለማለት የሚያስደፍር ጠንካራ ተክል ሲሆን፣ በህንድ አገርም ፖሊሶች «ላቲ» የሚሉትን ረጅም ዱላ ለብዙ ዘመን ከቀርከሃ ሲሠሩ ኖረዋል። ሽመል ግን በለጋነቱ ከተቆረጠ ነቀዝ ይበላዋል፤ ሲደርቅም በቁመቱ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ዱላ ደግሞ ስንጥሩ ሥጋ ይቆርጣል። የጎማ ቆመጥ በሙቀት ይለሰልሳል፤ የፕላስቲኩ በፀሐይና በቤንዚን ይጎዳል፤ ተጣጣፊው ብረት ካልተወለወለ መገጣጠሚያው ይዝጋል።

እዚህ ላይ አንድ ሐቅ ሊሰመርበት ይገባል። ከሁሉም የሚጸናው ብረት አጥንት በመስበርም ከሁሉም የከፋ ነው። ስለዚህ ብዙ ዘመን የሚያገለግል ቆመጥ ሁሉ መልካም ቆመጥ አይደለም። ግምጃ ቤቱ የዱላውን ዕድሜ ብቻ ሲቆጥር፣ የተመታውን ሰው ዕድሜ መቁጠር ሊረሳ አይገባም።

ቆመጥ ወሰን እንዳለውም መካድ አይቻልም። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን፣ በቡለን ወረዳ፣ በበኩጂ ቀበሌ ታጣቂዎች ከ100 በላይ ወገኖችን በጨፈጨፉበት ዕለት ዱላ የሚያድነው ነፍስ አልነበረም። በታጠቀ ገዳይ ፊት ቆመጥ ምንም አይፈይድም፤ ባዶ እጁን ባለ ሰው ፊት ደግሞ ጠመንጃ ግፍ ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የሥልጠናና የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ነው።

ሕጉም ግልጽ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበትንና ኢሰብዓዊ አያያዝን ይከለክላል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 424 የተያዘን ሰው የሚደበድብ የመንግሥት ሠራተኛን ያስቀጣል።

እንግዲህ የቀበሌ ነዋሪዎችና ሠራተኞች ድርሻ ምንድን ነው? ጠብ ሳይጋጋል በሽማግሌ ማብረድ፣ የተጎዳ ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መድረሱን መከታተል፣ ጉዳቱ ለበላይ አለቃ ሪፖርት መደረጉንም መጠየቅ ነው። እነዚህ የሃቫና መርሆዎች ሕግ አስከባሪውን የሚያስገድዱባቸው ግዴታዎች ናቸው እንጂ ከሕዝብ የሚቀርቡ ልመናዎች አይደሉም። የተሰበረ ቆመጥ በሌላ ይተካል፤ የተሰበረ የሕዝብ አመኔታ ግን በቀላሉ አይጠገንም። ከሁሉ በላይ ጽናት የሚያስፈልገው ለዚህ አመኔታ ነው እንላለን።